ልጃችሁን "መልማይ አይቶታል" ሲሏችሁ

አፉላ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ ያለው ወላጅ ውሎ አድሮ አንድ ቃል መስማቱ አይቀርም፤ "ልጅህን መልማይ አይቶታል" ይሉታል። ወሬውን የሚያመጣው አንዳንዴ አሠልጣኙ ነው፤ አንዳንዴ የሌላ ልጅ አባት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረ፣ ማንም የማያውቀውና ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። ያን ምሽት ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አባት ለዘመድ ለመንገር ስልኩን ያነሳል፣ እናት "ትምህርቱስ?" ትላለች፣ ልጁ ደግሞ ደብተሩን አይከፍትም።

ይህ ዓምድ ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ የሚጻፍበት ነው። "የልጅ ኳስ እዚህ ምን አገባው?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ነገሩ ግን የሥራ ጉዳይ ነው። መልማዩ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ክለቡ ቀጣሪ ነው፤ ወኪል የሚባለው በእኛ ቋንቋ ደላላ ነው፤ የሚፈረመው ወረቀትም እንደማንኛውም የሥራ ውል መብትና ግዴታ ያለበት ነው። ልዩነቱ ተቀጣሪው ገና ልጅ መሆኑና ያለ ወላጅ ፊርማ መቀጠር አለመቻሉ ነው።

መልማይ በእርግጥ ምን እንደሚያይና ማየቱም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ለጊዜው ከአፉላ ሜዳ ወጥተን አሜሪካ ብንደርስ ይጠቅመናል። በእግር ኳስ ብዙው ነገር በሹክሹክታ ያልቃል። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ ግን የወጣቶች ምልመላ በመዝገብ፣ በቁጥርና በተቆረጠ ቀን የሚካሄድ ነው፤ ማን በስንተኛ ዙር እንደተመረጠ ሁሉም ያውቃል። ደግሞም በዚያ መንገድ ያለፈ እስራኤላዊ አለ። ዲን ክሬመር ይባላል። ቤዝቦልን አይተው ለማያውቁ ወላጆችም ታሪኩ የሚረባ ነው።

ጨዋታው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዱ ትንሽና ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥሩ ወርዋሪ ኳሷን በሰዓት ከ145 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚለቃት ዱላ የያዘው ሰው ለማሰብ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አያገኝም። በበለሳ ወይም በወልቃይት ማሽላ ሲጠብቅ ከማማ ላይ ወንጭፍ ያዞረ አባት ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዝንጀሮን ከማሳ ለማባረር ኃይል ብቻ አይበቃም፤ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ማወቅም ያስፈልጋል።

የቤዝቦል መልማይ በየኮሌጁ እየዞረ እነዚህን ወርዋሪዎች ያያል። በእጁ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ይይዛል፤ ፖሊስ መኪና የሚለካበት ዓይነት ነው። መሣሪያው የሚነግረው ግን የሥራውን ትንሽ ክፍል ነው። ወጣቱ ስንት ዓይነት አወራወር ያውቃል? ቀጥ ያለውን፣ የሚታጠፈውን፣ ፈጣን መስሎ የሚዘገየውን ይለያል? የፈለገበት ቦታ ያሳርፋል ወይስ ኳሷ ታመልጠዋለች? ሲደክመውስ ክንዱ ይወርዳል? ሲመቱበት ይናደዳል ወይስ ወደ ቦታው ተመልሶ ይወረውራል? ለእያንዳንዱ ችሎታ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣል። 50 ማለት ከከፍተኛው ሊግ ተጫዋቾች ጋር ሲነጻጸር መካከለኛ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መልማዩ ለአንድ ችሎታ ሁለት ቁጥር ይጽፋል። አንዱ ወጣቱ ዛሬ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ወደፊት ሊደርስበት ይችላል ተብሎ የሚገመተው ነው። የኮሌጅ ልጅ የዛሬ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ክለቦች የሚገዙት ሁለተኛውን ነው። ገበያ ወጥቶ ወይፈን የገዛ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ጥርሱን ያያል፣ ሸኮናውን ያያል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል፤ የሚከፍለው ግን ዛሬ ለሚያርሰው ሳይሆን ከርሞ ያርሳል ብሎ ለሚገምተው ነው። ሰውን ከወይፈን ማመሳሰሌ ቅር የሚለው ይኖራል። የመልማዮችን ማስታወሻ ያነበበ ግን፣ ስለ ልጁ ትከሻ ስፋትና ስለ ክንዱ ርዝመት የሚጻፈውን አይቶ፣ ብዙም አይፈርድብኝም።

እንግዲህ "ልጅህ ተስፋ አለው" ሲባል ወላጅ የሚሰማው ቃል ኪዳን ነው። መልማዩ የጻፈው ግን ግምት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መያዝ ብዙ ቤተሰብን ለኪሳራ ይዳርጋል።

መልማዮች በጣም የሚፈሩት ደግሞ የክንድ ጉዳት ነው። ቤዝቦል ወርዋሪዎች ክርናቸው ውስጥ ያለው ጅማት ይበጠሳል። ከ1974 ጀምሮ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና መተካት ተችሏል፤ ወጣቱ ወደ ሜዳ ለመመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከጉዳቱ ምክንያቶች ዋናው በልጅነት ከልክ በላይ መወርወር ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ በ2014 ለየዕድሜው የውርወራ ልክ አወጡ። ለምሳሌ ከ13 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ በአንድ ቀን ከ95 ጊዜ በላይ እንዳይወረውር ይመክራሉ። በእግር ኳስ የምንፈራው ጉልበትን ነው። በሳምንት ለትምህርት ቤቱ፣ ለክለቡና ለሰፈሩ ቡድን የሚጫወት የ14 ዓመት ልጅ ሲያነክስ "ይጠንክር" የምንል ወላጆች አለን። መልማይ አየኝ ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ልጅማ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ክሬመር እንምጣ። የተወለደው በ1996 በካሊፎርኒያ ስቶክተን ከተማ ነው፤ ወላጆቹ ከእስራኤል ወደዚያ የሄዱ ናቸው፣ እሱም የእስራኤል ዜጋ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አልተሻሙበትም። በከተማው ባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ። በ2015 የዓመቱ ምርጫ ሲካሄድ የሳን ዲዬጎው ክለብ ፓድረስ ስሙን ጠራው። በዚህ ምርጫ ከተጠሩት የመጀመሪያው እስራኤላዊ ሆነ።

ደስ የሚል ዜና ነው። ግን በስንተኛው ዙር ነው የተጠራው? ያኔ ምርጫው 40 ዙር ነበረው፤ እሱ የተጠራው በ38ኛው ነው። ከእሱ በፊት ከ1,000 በላይ ወጣቶች ተጠርተዋል ማለት ነው። በእኛ አገር ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ እልልታው ይቀልጥ ነበር። የ19 ዓመቱ ክሬመር ግን አልፈረመም። ወደ ላስ ቬጋስ ሄዶ በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ መማሩንና መወርወሩን ቀጠለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2016፣ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በ14ኛው ዙር ጠራው። አሁን ፈረመ።

በአንድ ዓመት ውስጥ 24 ዙር ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። ይህ በገንዘብ ትልቅ ልዩነት አለው። በዚያ አገር ተመራጩ ሲፈርም አንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ እንደ ዙሩ ይለያያል፤ መጀመሪያ የሚጠሩት ሚሊዮኖች ያገኛሉ፣ መጨረሻ የሚጠሩት ጥቂት ሺህ ዶላር ተቀብለው የሚፈርሙበት ጊዜ አለ። ክለቡም የበለጠ ገንዘብ ያወጣበትን ልጅ የበለጠ ይታገሰዋል። ርካሽ የተገዛው አንድ መጥፎ ወር ሲያጋጥመው ይሰናበታል።

ክሬመር የመጀመሪያውን ጥሪ እንዴት ሊያልፈው ቻለ? ጀግና ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስለነበረው ነው። የጠራው ክለብ እንዲህ ይላል እንበል፤ "ይህን ውሰድ ወይም ተወው።" ኮሌጅ መግባት የሚችል ልጅ "እተወዋለሁ" ሊል ይችላል። ትምህርቱን ጥሎ ኳስ ብቻ ይዞ የቀረ ልጅ ግን የሰጡትን ይፈርማል። ትምህርት ለኳስ ተጫዋች "ካልሆነለት" የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው ሲባል እንሰማለን። እኔ እንደማየው ከዚያም በላይ ነው፤ ኳሱ ሲሆንለትም ዋጋውን ከፍ የሚያደርግለት እሱ ነው። ባግሩቱን የያዘ የ18 ዓመት ልጅና ያልያዘ የ18 ዓመት ልጅ እኩል ቢጫወቱ እንኳ ከክለብ ኃላፊ ፊት የሚቀመጡት እኩል ሆነው አይደለም።

ከፈረመ በኋላስ? ከፍተኛው ሊግ የደረሰው በአራት ዓመቱ ነው። በመካከሉ በታችኞቹ ሊጎች በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። ያኔ ታች ያሉ ጀማሪዎች በወር ከ1,100 ዶላር ጀምሮ ነበር የሚከፈላቸው፣ ያውም ጨዋታ ባለባቸው ወራት ብቻ፤ ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ይፈልጉ ነበር። በ2023 የታችኞቹ ሊጎች ተጫዋቾች በሠራተኛ ማኅበር ተደራጅተው የመጀመሪያውን የጋራ ስምምነት ሲፈራረሙ ክፍያው እንደ ደረጃው በዓመት ከ19,800 እስከ 35,800 ዶላር ሆነ። በዚያው ዓመት የከፍተኛው ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 720,000 ዶላር ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል ተመልከቱ። ተመርጠው ከሚፈርሙት ብዙዎቹ ገደሉን ሳይሻገሩ ይቀራሉ።

ክሬመር በ2018 በታችኞቹ ሊጎች 178 ተጋጣሚዎችን ኳስ ሳያስነካ በማሰናበት ቀዳሚ ሆነ። በዚያው ዓመት ዶጀርስ አንድ ታዋቂ ተጫዋች ለማግኘት ብሎ ከሌሎች አራት ወጣቶች ጋር ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ሰጠው። እንዲህ ባለው ልውውጥ የልጁን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ ውሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው። መስከረም 2020 ላይ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር በተደረገ ጨዋታ የመጀመሪያውን ኳስ ወረወረ፤ 24 ዓመቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ሰባት ተሸንፎ እንደገና ወደ ታች ተላከ። ተመልሶ መጣና በ2023 አሥራ ሦስት አሸነፈ። በዚያ ዓመት ጥቅምት 7 አገራችን ላይ ጥቃቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ዘመዶቹ እዚህ እያሉ፣ በትልቅ የማጣሪያ ጨዋታ ሜዳ ገብቶ ወረወረ። ቀኑ የእሱ አልነበረም፤ ቶሎ ወጣ፣ ቡድኑም ተሸነፈ። መልማዮቹ ከ20 እስከ 80 የሚሰጡት ነጥብ እንዲህ ላለው ቀን የሚሆን ሳጥን የለውም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ በእስራኤል እንዲህ ያለ የዓመት ምርጫ የለም። በ18 ዓመት የሚጠራን ሌላ ነው፤ ጊዩስ ነው። ክለቦች ልጁን በቀጥታ ከሜዳ ያዩታል፣ በቀጥታም ያናግሩታል። አፉላ ዒሊት ባለው ስታዲየም የሚጫወተውና ብዙ ዓመት በሊጋ ሌኡሚት የቆየው ሃፖኤል አፉላ ለልጆቻችን ቅርብ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ለሚመኝ ከሐይፋ ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጣ መልማይ አለ። መንገዱ ክፍት ለመሆኑ ማስረጃው ብዙ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣው ባሩክ ደጎ በ2004 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ተጫውቶ ጎል አስቆጥሯል። በነታንያ የተወለደው ኤሊ ዳሳ ከቤታር ኢየሩሳሌምና ከማካቢ ቴል አቪቭ በኋላ በ2019 ወደ ሆላንዱ ቪተስ፣ በ2022 ወደ ዲናሞ ሞስኮ ሄዷል፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆኗል። መሳይ ደጎ ደግሞ በአሠልጣኝነት ማካቢ ሐይፋን እስከ መምራት ደርሷል።

በ14 ዓመቱ መልማይ ያላየው ልጅም አበቃለት ማለት አይደለም። ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ ሲያገኝ 31 ዓመቱ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና እሱ ሁለተኛ፣ ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ሆነው እስራኤል በቡድን ወርቅ ወስዳለች። የሩጫ ጉልበት ዘግይቶ ይበስላል። በየስፖርቱ የሚታይበት ዕድሜ የተለያየ ስለሆነ "አሁን ካልፈረመ አለቀለት" የሚላችሁ ሰው የሚቸኩለው ለራሱ ሊሆን ይችላል።

ይህን ቃል በተለይ ከወኪል አፍ ነው የምንሰማው። በእግር ኳስ ወኪል ለመሆን የፊፋ ፈተና ማለፍና ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የባለፈቃዶቹ ስም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኝ የልጅ ልጃችሁ እንኳ በስልኩ በሁለት ደቂቃ ሊፈልግላችሁ ይችላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ከ18 ዓመት በታች ካለ ልጅ ጋር ለመሥራት ልዩ ኮርስ መውሰድ አለበት፤ ደግሞም ልጁን ከማናገሩ በፊት የወላጅን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት ይገባዋል። ይህን የሚያደርገውም ልጁ በአገሩ ሕግ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል መፈረም የሚችልበት ጊዜ ሊደርስ ስድስት ወር ሲቀረው ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጃችሁን በዋትስአፕ የሚያነጋግር ወኪል ገና ከጅምሩ ደንብ እየጣሰ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። እውነተኛ ወኪል የሚከፈለው ልጁ ተቀጥሮ ገንዘብ ሲያገኝ ከዚያ ላይ በመቶኛ ተሰልቶ ነው። መልማይ ደግሞ ደመወዙን የሚያገኘው ከላከው ክለብ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ከወላጅ ኪስ አስቀድመው የሚቀበሉበት ምክንያት የለም። "ለምዝገባ"፣ "ለቪዲዮ"፣ "ለሙከራ ጉዞ" ብሎ ሁለት ሦስት ሺህ ሼኬል የሚጠይቅ ሰው መልማይ ሳይሆን ዕቃ ሻጭ ነው። ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንደ ዕቃ መመዝገብና ደረሰኝ መቀበል አለባችሁ።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በፊፋ ደንብ መሠረት ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ሲፈርም ወይም እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ከአገር አገር ሲዛወር፣ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት ክለቦች የሥልጠና ካሣ ይከፈላቸዋል። ከዚያ በኋላም ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ለእነዚሁ ክለቦች ይከፋፈላል። ይህ ለትንንሽ ክለቦች ትልቅ ገቢ ነው፤ የሚገባቸውም ነው። ግን ክለቡ በልጃችሁ ላይ የራሱ ጥቅም እንዳለው ይነግራችኋል። ልጁ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ሲሄድ በመልቀቂያ ወረቀት ላይ ክርክር የሚነሣውም ስለዚህ ነው። እንግዲያው ገና በልጅነቱ ሲመዘገብ የሚፈረመውን ወረቀት ቅጂ ተቀበሉ፤ ለስንት ዓመት እንደሚያስረውም ጠይቁ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች የፕሮፌሽናል ውል ከሦስት ዓመት በላይ ሊሆን አይችልም። የአምስት ዓመት ወረቀት ከቀረበላችሁ አትፈርሙ።

ዕብራይስጡ የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ውሉን ልጁ ራሱ እንዲተረጉምላችሁ አታድርጉ። ይህን የምለው ልጆቻችንን ስለማላምን አይደለም። የሚጓጓ ሰው የሚያየው የሚጓጓለትን መስመር ነው፤ ክፍያው የተጻፈበትን በደንብ ያነብላችኋል፣ መሰናበቻው የተጻፈበትን ዘልሎ ያልፋል። ወረቀቱን ቤት ውሰዱት፣ ለሌላ ሰው አሳዩት። "እዚሁ ፈርሙ" የሚል ክለብ ነገ ከነገ ወዲያም ልጁን ይፈልገዋል፤ ከፈለገው።

እግረ መንገዴን፣ የ1988ቱ የስፖርት ሕግ ክለቡ ተጫዋቹን ኢንሹራንስ እንዲያስገባ፣ ተጫዋቹ የሕክምና ምርመራ እንዲያደርግ፣ አሠልጣኙም ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያዛል። ልጁ ሜዳ ላይ ቢሰበር የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ኢንሹራንስ ነው። ዓመቱ ሲጀመር ጠይቁ።

ወደ አሜሪካ የመሄድ ጉዳይም አለ። የእኛ ልጆች በኳስ ወይም በሩጫ የአሜሪካ ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲያገኙ እናደርጋለን የሚሉ ድርጅቶች በስልክና በኢንተርኔት ይመጣሉ። ሥራው ሕጋዊ ነው፤ በእርግጥ የተሳካላቸውም አሉ። ችግሩ "ሙሉ ስኮላርሺፕ" የሚለው ቃል ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ደንብ አንድ የቤዝቦል ቡድን በከፍተኛው ምድብ እንኳ ረዥም ዘመን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ነበር፤ ያንን ለ27 ወጣቶች ያካፍለው ነበር። የወንዶች እግር ኳስ ደግሞ ለመላው ቡድን 9.9 ብቻ ነበረው። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች የሚያገኘው ሩቡን ወይም ግማሹን ነበር፤ ቀሪውን የሚከፍለው ቤተሰብ ነው፣ በዶላር። ከ2025 ጀምሮ አዲሱን ሥርዓት ለተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥሩ ገደብ ተነሥቶ የቡድኑ አባላት ቁጥር ተገድቧል። ገደቡ መነሣቱ ግን ኮሌጁ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም። ሦስተኛ ምድብ በሚባሉት ኮሌጆች ደግሞ በስፖርት ችሎታ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ "የትኛው ኮሌጅ? ስንተኛ ምድብ? ከዓመቱ ወጪ ውስጥ እኛ የምንከፍለው ስንት ነው? አሠልጣኙ በጽሑፍ አረጋግጧል?"

እዚያም ቢሆን በሩን የሚከፍተው ደብተሩ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምድብ ለመጫወት ልጁ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን በተወሰነ ውጤት መጨረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ቀድሞ በፕሮፌሽናልነት የፈረመ ወጣት ደግሞ በኮሌጅ የመጫወት መብቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ አሜሪካን ያሰበ ልጅ እዚህ የሚፈርመውን ወረቀት ሁሉ አስቀድሞ ያስመርምር። በነገራችን ላይ የቤዝቦሉ ምርጫ የሚመለከተው በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ የሚኖሩትን ወይም በዚያ የሚማሩትን ነው። ከአፉላ ሄዶ አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ወርዋሪ ካለ እሱም እንደ ክሬመር ሊጠራ ይችላል ማለት ነው። ለጊዜው ግን በአካባቢያችን ከቤዝቦል ሜዳ ይልቅ የሱፍ ማሳ ይቀላል።

እዚሁ መቆየት ለሚፈልግ ልጅም ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። ከከተማችን አጠገብ የዒሜቅ ይዝርኤል ኮሌጅ አለ። ከትምህርቱ በፊት ደግሞ ጦር ሠራዊት አለ። ሠራዊቱ "ስፖርታይ ሚትስታየን" ብሎ ለሚቀበላቸው ወጣቶች ልምምዳቸውን እንዲቀጥሉ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ "ስፖርታይ ፓዒል" የሚባል ደረጃም አለ። ጥያቄው የሚቀርበው ከጊዩስ በፊት በስፖርቱ ማኅበር በኩል ነው። ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ አሠልጣኙን መጠየቅ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ ከመጣ በኋላ የሚሯሯጡ ብዙ ናቸው።

ለድርጅት ገንዘብ ከፍላችሁ ከሆነስ? የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገን ግዢ በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ መብት ይሰጣል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ ለአካል ጉዳተኛና ወደ አገሩ ከገባ አምስት ዓመት ላልሞላው ዖሌ ጊዜው አራት ወር ነው፤ ይህም ስምምነቱ ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር፣ በስልክም ሆነ በጽሑፍ፣ ሲሆን ነው። አያት በስማቸውና በካርዳቸው ለልጅ ልጃቸው የከፈሉ ከሆነ ዕድሜ የሚቆጠረው የከፋዩ ነው። አገልግሎቱ ተጀምሮ ከሆነ ለተሰጠው ያህል ሊቀነስባችሁ ይችላል። የስረዛ ጥያቄውን በጽሑፍ ላኩ፤ የላካችሁበት ቀን የሚታይበትን ቅጂ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ።